ኤም35ኤ2 በብርድ አልነሳ ሲል ግሎ ፕላግ አትፈልግለት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድማችን ሰመር ላይ ከቴክሳስ ኤም35ኤ2 የሚባለውን አሮጌ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በጨረታ ገዝቶ ሚኒሶታ አስገባ። ብርዱ ሲመጣ አልነሳ አለው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየተጎተተ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ ዝም። "ግሎ ፕላጎቹ የት ናቸው? ኢተር ብረጭበትስ?" ይላል። ግሎ ፕላግ ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነው፤ ኢተር ደግሞ ሞተር ለማስነሳት የሚረጭ ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ።

ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ሚኒሶታ የናፍጣ መካኒክ ነኝ፤ እንዳንተው ኤም35 አለኝ። መጀመሪያ የኢተሩን ቆርቆሮ አስቀምጠው። ግሎ ፕላግም አትፈልግ፣ የለውም።

ያንተ ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፣ 7.8 ሊትር፣ "መልቲፊውል" የሚባለው ነው። ከናፍጣ ሌላ ኬሮሲንና የጄት ነዳጅም እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ። የማቃጠያ ዘዴው መነሻ የጀርመኑ ማን (MAN) ኩባንያ ነው። በሌላው ናፍጣ ሞተር ነዳጁ አየሩ ውስጥ ይረጫል። እዚህ ግን አብዛኛው ነዳጅ ፒስቶኑ አናት ላይ ያለው ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ በስሱ ይቀባል። ከዚያ በግድግዳው ሙቀት ተንኖ ይነዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ግሩም ነው። ፒስቶኑ በረዶ ሲሆን ግን ያልሰማ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው። የምታየው ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው።

ጭሱ መልካም ዜናም ነው፤ ነዳጁ ሲሊንደር ድረስ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ምንም ጭስ ባይኖር ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

በግሎ ፕላግ ፋንታ የተገጠመለት ፍሌም ሂተር ነው። አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ትንሽዬ ኖዝል ናፍጣ ይረጫል፣ አንዲት ካንዴላ ትለኩሰዋለች፣ የሚገባው አየር በእሳቱ ይሞቃል። ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ሞተሪኖውን እያዞርክ ትይዘዋለህ፤ ከተነሳም በኋላ ሞተሩ እስኪረጋጋ ቶሎ አትለቀውም። ኢተር ክልክል የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ማኒፎልዱ ውስጥ እሳት አለ! እሳቱ ባይኖር እንኳ የመጭመቂያ መጠኑ 22 ለ 1 ስለሆነ ኢተሩ ያለጊዜው ፈንድቶ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሊሰብር፣ ፒስቶን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ችግሩ፣ በጨረታ ከወጡት መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ይህ ሂተር ወይ ተነቅሏል ወይ ደርቋል። ካንዴላዋን ፈተህ አጽዳ፣ ሽቦዎቹንና ማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን የመሬት ሽቦ) እይ። የሂተሩ ትንሿ ፖምፓ ስትሠራ ድምፅ አላት። ማብሪያውን አጥፍተህም ማኒፎልዱ ውስጥ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን መስመሩን ዝጋውና ያለ ሂተር ኑር። ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣ ከተጠራቀመ ቢዬላ (ፒስቶኑን የሚያያይዘውን ዘንግ) ያጣምማል።

እንደ እኔ ግን ያንተ ዋና ጣጣ ሂተሩ አይደለም። "እየተጎተተ ይዞራል" ብለሃል። ቀስ ብሎ የሚዞር ናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ አያሞቅም፣ ሂተር ቢኖረውም ባይኖረውም። በተሳፋሪው በኩል ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ሁለቱን ለየብቻ አስፈትሻቸው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ሌላውንም ይዞት ይወርዳል፤ ስትቀይርም ሁለቱን አንድ ላይ ቀይር። ዜሮ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ገደማ) ላይ ጤነኛ ባትሪም ጉልበቱ ግማሽ ገደማ ነው። የኬብል ጫፎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍግ። ከቴክሳስ የመጣው ዘይትም ወፍራም ሊሆን ስለሚችል ለብርድ በሚሆን ቀጭን ዘይት ቀይረው። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ መሃል ላይ አሳርፈው። የጎረቤት ቶዮታ አምጥተህ በ12 ቮልት ጃምፕ አደርጋለሁ እንዳትል። አገር ቤት እንደለመድነው ገፍቶ ማስነሳትማ አይታሰብም፤ ወደ 6 ቶን የሚጠጋ ብረት በበረዶ ላይ ማን ይገፋል?

ናፍጣውን ሳልረሳ፦ ታንኩ ውስጥ ያለው የቴክሳስ የሰመር ናፍጣ ከሆነ ሰሙ ይረጋና ፊልትሮ ይዘጋል። እዚህም ሰመር ላይ የሚሸጠው 20 በመቶ ባዮዲዝል ያለበት ነው፣ በዊንተር ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በተቻለህ መጠን አውጣው፣ በቀረው ላይ ቁጥር 1 ናፍጣ (በብርድ ቶሎ የማይረጋውን) ጨምርበት። የሦስቱንም ፊልትሮዎች ውሃ አፍስስ። ቁልፉን ስትከፍት ታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሲያጉረመርም መስማት አለብህ።

ጓደኛህ "የእኔ የጦር ሼቭሮሌ ግሎ ፕላግ አለው" ያለህ እውነቱን ነው። የ1980ዎቹ ኤም1008 ባለ 6.2 ሊትር ሞተር ነው፣ ሌላ ዓለም። እሱ ላይ ሞተሪኖው በ24 ሲዞር ግሎ ፕላጎቹ ግን የ12 ቮልት ናቸው፤ ቮልቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢናው የሚለየው ግድግዳ) ላይ ነው። ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ተጣብቆ ከቀረ ሁሉንም ፕላግ ያቃጥላቸዋል፤ ጫፋቸው ያብጥና ሲነቀሉ ተሰብረው ሲሊንደር ውስጥ ይቀራሉ። ብዙ ሰው ሬዚስተሩን ዘሎ ከአንዱ ባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት ይሰጣቸዋል፤ እኔም ጥሩ መላ ነው እላለሁ።

ለአንተ ግን ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ከባትሪው ቀጥሎ ብሎክ ሂተር (የሞተሩን አካል በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ) ግጠም። ከመነሳትህ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ሶኬት ላይ ሰካው። ባትሪውን ካስፈተሽክ በኋላ የእያንዳንዳቸውን ቮልት እዚሁ ጻፍልን፣ ሞተሪኖው ሲዞር ስንት ላይ እንደሚወርድም ጨምር።