ፊቱን ሳይሆን ሆዱን ይዩ

ጥያቄ፦ ታድሶ የሚሸጥ ባለ አራት መሳቢያ የእንጨት ኮመዲኖ አይቼ ልቤ ሄዷል። ሻጩ «ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» ይላል። ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። እውነቱን በምን ልወቅ? መታደሱስ ዋጋውን አይቀንሰውም?

መልስ፦ የድሮ ዕቃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና እኔ ቀድሜ የምነካው መሳቢያውን ነው። አንዱን ሙሉ በሙሉ ስበው ያውጡና ይገልብጡት።

ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ጣውላዎች ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው ያገኟቸዋል። በእጅ የተቆረጠ ከሆነ አንዱ ጥርስ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ይላል። አናጢው ልኩን ለመያዝ በሹል ብረት የጫረው ቀጭን መስመርም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ያንን መስመር ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጥርሱ ሁሉ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የማሽን ሥራ ነው። የመጋዝ ዱካም ይፈልጉ፤ የእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ጭረት ይተዋል፣ ክብ የማሽን መጋዝ ደግሞ ቅስት።

ባለ መስቀል ጭንቅላት ብሎን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። አንድ ሁለት ቢያገኙ ጥገና ይሆናል። ሁሉም እንዲያ ከሆኑ የሻጩን ወሬ ይጠርጥሩ።

ነቀዝ የበሳው ቀዳዳ ካለ፣ ከሥር ወረቀት አንጥፈው ጎኑን መታ መታ ያድርጉት። ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ገና ውስጥ ሊኖር ይችላል።

መታደሱን በተመለከተ፣ የላላ መጋጠሚያ በኮላ መያዙ ወይም የተሰበረ እግር መቀየሩ አያስከፋኝም። የሚያናድደኝ በማሽን መሞረድ ነው። ዘመን ያመጣው ቀለም ያለው ከላይ፣ ስስ ሆኖ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ዋጋውንም የሚጥለው ይሄ ነው። ምልክቱን ልንገርዎት፦ ፊቱ ላይ በክብ ቀዳዳ ፈንታ እንደ ቦይ የተከፈተ የነቀዝ መንገድ ካዩ፣ እንጨቱ ከተበላ በኋላ በደንብ ተልጓል ማለት ነው። ጠርዙንም በጣትዎ ይዳብሱት። ብዙ እጅ የነካው ጠርዝ እዚህም እዚያም ለስልሶ ይዶለዱማል እንጂ እኩል ስለታም አይሆንም።

ከመታደሱ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ ይጠይቁ። የቱ እንጨት እንደተቀየረ ሻጩ በጣቱ ያሳይዎት። ማሳየት ካልቻለ፣ በጥንታዊ ዕቃ ዋጋ ሳይሆን በተራ ያገለገለ ዕቃ ዋጋ ይደራደሩ።