በስላይድ ማስተማር ለምትጀምሪው መምህርት፦ ከዲዛይኑ በፊት ፕሮጀክተሩን አስለቅቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ርዕሰ መምህራችሁ «ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በስላይድ አስተምሩ» ብለዋችኋል፤ አንቺም ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስንት ስላይድ እንደሚበቃና የትኛው ዲዛይን እንደሚያምር ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ ስለ ቀለም ምርጫ ነው የጻፉት። እኔ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ይቀመጣል። ያንቺም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ስላይድ መሥራት ከመጀመርሽ በፊት ፕሮጀክተሩን እጅሽ አስገቢ። በእኛ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተሩ ንብረት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። አንድ ጊዜ ለመዋስ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርማል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ከዚያ ሞዴል 22 የሚባለው የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ አሟልቼ ስቀርብ የንብረት ኃላፊው ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ መልሶ ገፋልኝ። «ይህ ዕቃ ለስብሰባ ነው የተገዛው፤ ጠመኔ አለህ አይደል?» አለኝ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር። ለትምህርት የተገዛ ዕቃ ከተማሪ ተደብቆ አቧራ ሲጠጣ ማየት ዛሬም ያንገበግበኛል። ተከራክሬ ካወጣሁት በኋላ ደግሞ ፕሮጀክተሩ የሚቀበለው የድሮውን የቪጂኤ ገመድ ሆኖ ተገኘ፤ ላፕቶፔ ያለው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ነው። ማገናኛው የት እንዳለ ስጠይቅ «እሱን ከየትም ፈልግ» ተባልኩ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው መለመኑን ትቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፕሮጀክተሩ ለሴሚስተሩ በሙሉ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስም ወጪ እንዲሆን፣ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን እንዲቀመጥ፣ መምህራን በመዝገብ እየፈረሙ እንዲወስዱት ጠየቅኩ። ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ። ዛሬ ጂኦግራፊና ፊዚክስም በዚሁ አሠራር ይጠቀማሉ፤ ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ በመሆኔ እኮራለሁ። አንቺም በቃል አትለምኚ፤ በጽሑፍ ጠይቂ። ማገናኛውን ግን በራስሽ ገንዘብ ግዢና ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ስትጨርሺም ፕሮጀክተሩን አጥፍተሽ ማራገቢያው እስኪቆም ሳትጠብቂ ሶኬቱን አትንቀይ፤ ሙቀቱ አምፖሉን ይጎዳዋል፤ የተቃጠለ አምፖል ለማስተካት ደግሞ ሌላ የፊርማ ሰልፍ ይጠብቅሻል።

2. ስላይድሽ ጠመኔ የማይችለውን ብቻ ያሳይ። ማስታወሻ አትለጥፊበት። የእኛ ተማሪ ግድግዳ ላይ ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ የምትናገሪው አይገባውም። ስላይዱን ቃል በቃል ካነበብሽለት ደግሞ የባሰ ነው። በመልቲሚዲያ ትምህርት ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች የሚታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ማየር እንደሚለው፣ ሥዕልን ከድምፅ ማብራሪያ ጋር ማቅረብ፣ ያንኑ ማብራሪያ በጽሑፍም ደርቦ ከማሳየት ይልቅ ለመማር ይረዳል።

እኔ ራሴ በፕላዝማ የተማርኩ ሰው ነኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሳተላይት ትምህርቱ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ የቴሌቪዥኑ መምህር ማንንም አይጠብቅም ነበር። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ገባንም አልገባንም ይቀጥላል። የራሳችን መምህር ጥግ ይዞ ከመቆም በቀር ሊያስቆመው አይችልም። ስላይድ ባንቺ እጅ ነው፤ ይህን ዕድል በሩጫ አታባክኚው። በፓወርፖይንት እያሳየሽ ሳለ «ቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ብትጫኚ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ደግመሽ ስትጫኚ ይመለሳል። ከዚህች ቁልፍ የበለጠ የሚጠቅመኝ ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ የለም።

3. ሥዕሉን ቀስ በቀስ ገንቢው። የልብን ትምህርት ልንገርሽ። መጀመሪያ የማሳየው ባዶ ንድፍ ነው፤ አራት ክፍል፣ ምንም ስም የለበትም። እዚህ ላይ ቆሜ የልቡ ግራ ጎን በሥዕሉ ላይ በስተቀኛችን እንደሚታይ እናገራለሁ፤ አንዱን ተማሪ ወደ ክፍሉ ፊቱን አዙሬ አቆምና እጁን ደረቱ ላይ አስደርገዋለሁ። ይህ ካልተነገራቸው እስከ ፈተና ድረስ ቀኝና ግራ ይምታታባቸዋል። ቀጥሎ የቀኙ ጎን በሰማያዊ ይሞላል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ በዚያው ሰማያዊ ይወጣል። ክፍሉ ወዲያው ይንጫጫል፤ «መምህር፣ ደም ቅዳ ቀይ አይደለም እንዴ?» ኦክስጅን የበዛበት ደም የሚሸከመው ደም ቅዳ ነው ብለው ሸምድደዋልና። ሙግቱ ሲግል «ቢ»ን እጫናለሁ። ስክሪኑ ጨልሞ አንድ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የደሙን ጉዞ በጠመኔ ይሥላል፤ ሌሎቹ ያርሙታል። ሰማያዊው ኦክስጅን ያነሰበትን ደም ለመለየት እንጂ የደም ቀለም እንዳልሆነም እዚሁ እነግራቸዋለሁ። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ለምን እንደወፈረ ከእኔ ቀድመው የሚመልሱ አሉ፤ ደምን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው እሱ ነዋ!

አንድ ሱፐርቫይዘር ይህንኑ ክፍለ ጊዜ ተከታትሎ «ስላይድህ ማስታወሻ የለውም» በሚል ነጥብ ቀነሰብኝ። ተማሪዎቹ ከሰሌዳው የወሰዱትን ሥዕል ደብተር በደብተር ገልጬ አሳየሁት፤ ነጥቡን አላስተካከለም። አንቺም ይህ ሊደርስብሽ ይችላልና ማስታወሻውን ለብቻው አዘጋጅተሽ በትምህርት ዕቅድሽ ላይ አያይዢው፤ ሲጠየቅ ታሳያለሽ፤ ግድግዳ ላይ ግን አታውጪው።

4. ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ ለማውጣት አኒሜሽን አልጠቀምም። ስላይዱን አባዝቼ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ይህን ካደረግሽ ፋይሉን በፒዲኤፍ ብታስቀምጪውም ቅደም ተከተሉ አይጠፋም፤ በሰው ኮምፒውተር ላይም በትክክል ይከፈታል። የአማርኛ ትርጉም የምትጽፊ ከሆነ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሠራር፣ በዩኒኮድ ጻፊ፤ ከፎንቶቹ ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ ይሆንሻል። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በክፍል ፊት ደርሶበታል።

መጋረጃ የሌለው ክፍል ከሆነ በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ተጠቀሚ፤ ያማረው ጥቁር ሰማያዊ ዲዛይን ፀሐይ ሲገባ ጨርሶ አይታይም። ከሁሉ በፊት የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄደሽ ተቀምጠሽ እይው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋናውን ሥዕል በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም ሥለሽ ያስቀመጥሽው ይኑር፤ የእኔ የልብ ሥዕል ቤተ ሙከራው ውስጥ ተጠቅልሎ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

ስንት ስላይድ ላልሽው፣ ለልብ ትምህርት የማሳየው ያንኑ አንድ ሥዕል ነው፤ በስድስት ደረጃ። ፋይሉንና ለርዕሰ መምህሩ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ ከፈለግሽ በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ደብዳቤው ላይ የትምህርት ቤታችሁን ስምና የዕቃውን መለያ ቁጥር ብቻ ትቀይሪያለሽ።