አምስት ሠዓሊያን በአንድ ቡዝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሥራዎቼን የሚያሳይልኝ ጋለሪ በሚቀጥለው ዓለም አቀፍ አርት ፌር (ጋለሪዎች ሥራ ይዘው የሚቀርቡበት የሥነ ጥበብ ገበያ) ላይ ከሌሎች አራት ሠዓሊያን ጋር አድርጎ ሊያቀርበኝ እንደሚፈልግ ነግሮኛል። ዜናው ቢያስደስተኝም፣ አንድ ሠዓሊ ብቻ ይዘው የሚቀርቡ ጋለሪዎች መኖራቸውን ስለማውቅ፣ በቡድን መቅረቤ ዝቅ ያለ ቦታ እንደተሰጠኝ እንዳያስቆጥርብኝ ሠጋሁ። ከዚህም ሌላ ጋለሪው ለቡዙ፣ ማለትም በትርኢቱ ላይ ለሚይዘው የማሳያ ቦታ፣ ኪራይ አምስታችንም እንድናዋጣ የሚፈልግ ይመስላል። ምን ብዬ ብመልስ ይሻላል? የትኞቹን ሥራዎችስ ልስጥ?

መልስ፦ ከሥጋትዎ እንጀምር። በቡድን መቅረብ አርት ፌር ሲጀመር የነበረው መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይን ሽቱንከና ሩዶልፍ ዝዊርነር የተባሉ ሁለት የጋለሪ ባለቤቶች በጀርመን ኮሎኝ ከተማ 18 ጋለሪዎችን አሰባስበው የዘመኑን ሥነ ጥበብ ገበያ ሲከፍቱ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ኤርንስት ባይለር፣ ትሩድል ብሩክነርና ባልትዝ ሂልት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አርት ባዝል የተባለውን ትርኢት ሲመሠርቱ፣ የተለመደው አቀራረብ ባለ ጋለሪው አብረውት ከሚሠሩት ሠዓሊያን የተሻሉትን ሥራዎች መርጦ አንድ ላይ መስቀል ነበር። አንድን ሠዓሊ ለብቻው ለይቶ ማቅረብ እየዋለ እያደረ የጎለበተ አሠራር ነው፤ በባዝል «ስቴትመንትስ» እንደሚባለው ለወጣት ሠዓሊያን የግል አቀራረብ የተለየ ክፍል የከፈቱ ትርኢቶችም አሉ።

ጋለሪዎች ቡድንን የሚመርጡት በአብዛኛው በሒሳብ ምክንያት ነው። የቡዝ ኪራይ በካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ሥዕል ተሸጠም አልተሸጠ ይከፈላል፤ ማጓጓዣው፣ መድኑ፣ የሠራተኞች ጉዞና ማደሪያ በዚያ ላይ ይደመራል። አንድ ሠዓሊ ብቻ ይዞ የሄደ ጋለሪ፣ ያ ሠዓሊ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ገዢ ካላገኘ ባዶ እጁን ይመለሳል። አምስት ይዞ የሄደው ግን ስሙ በታወቀው ሠዓሊ ሽያጭ ኪራዩን ሸፍኖ፣ ገና ያልታወቀውን ከሙዚየም ሰዎችና ከሥዕል ሰብሳቢዎች ጋር ሊያስተዋውቅ ይችላል። እርስዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ኪራዩን እንዲሸፍን የተወሰደ ሠዓሊ መሸጥ ይጠበቅበታል፤ እንዲተዋወቅ የተወሰደው ግን ምንም ሳይሸጥለት ቢመለስ እንኳ ጉዞው ከንቱ አይሆንም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ባለ ጋለሪው ለምን አምስታችሁን አንድ ላይ እንደመረጠ ነው፤ መልሱም ከአንድ ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ ይመረጣል። የእርስዎ ሸራ ከአንድ ቀራፂ የእንጨት ሥራ ጎን ሲቀመጥ ምን አዲስ ነገር እንደሚታይ መናገር ከቻለ፣ ለምሳሌ ሁለታችሁም የተጣለ ቁስ አንሥታችሁ እንደምትሠሩና አንዳችሁ የምትደብቁትን ስፌት ሌላችሁ አደባባይ እንደምታወጡት ከነገረዎ፣ ቡዙ ታስቦበታል ማለት ነው። «አምስታችሁም የአንድ አካባቢ ልጆች ናችሁ» ብቻ ካለዎ ግን እኔ በግሌ አልረካም። የትውልድ ቦታ ለካታሎግ መግቢያ ይበቃ ይሆናል እንጂ ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕሎችን አያነጋግርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ቱሪያ ኤል ግላዊ በለንደን የመሠረተችው፣ «1-54» የሚለውን ስሙንም ከአንድ አህጉርና ከ54 አገሮች የወሰደው የአፍሪካ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ትርኢት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ እዚያ አህጉሩ የሁሉም የጋራ መነሻ ስለሆነ ቡዝን ከቡዝ የሚለየው ሌላ ሐሳብ መሆኑ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስምዎ በማመልከቻው ላይ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ትልልቆቹ ትርኢቶች ጋለሪዎችን የሚቀበሉት አመልክተው ነው፤ አባላቱ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው የጋለሪ ባለቤቶች የሆኑበት የምርጫ ኮሚቴ የቀረበለትን ዕቅድና የሠዓሊያኑን ስም ተመልክቶ ይወስናል። ስምዎ ከመጀመሪያው ከነበረ፣ ጋለሪው ቡዙን ያገኘው በከፊል በእርስዎ ሥራ ነው። ኋላ የተጨመሩ ከሆነ ደግሞ ባዶ የቀረ ግድግዳ እንዲሞሉ ተፈልገው ሊሆን ይችላልና፣ የት እንደሚሰቀሉ ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ። የቡዙን ፕላን ማየት መብትዎ ነው። ከመተላለፊያው ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳና ከዕቃ ማስቀመጫው በር አጠገብ ያለችው ቁራጭ ግድግዳ እኩል አይደሉም።

ጎረቤትዎ ማን እንደሆነም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ፔሮታን ጋለሪ በአሜሪካ ማያሚ ቢች በሚካሄደው አርት ባዝል ላይ የጣሊያናዊውን አርቲስት የማውሪዚዮ ካተላንን «ኮሜዲያን»፣ ማለትም ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ሙዝ፣ በ120,000 ዶላር አቀረበ። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ ሥራው በትርኢቱ የመጨረሻ ቀን ከግድግዳው ወረደ፤ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም በአካባቢው ያሉት ሥራዎች ደኅንነት ነበር። በዚያ ሳምንት በዚያው ቡዝ ሥራቸው የቀረበ ሌሎች ሠዓሊያን እነማን እንደነበሩ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ስለ መዋጮው መልሴ አጭር ነው፤ አይክፈሉ። ጋለሪ ከሽያጭ የሚወስደው ድርሻ በተለመደው አሠራር 50 በመቶ ነው። ብዙ የሚመስለው ይህ ድርሻ ተገቢ የሚሆነው ኪራዩን፣ ማጓጓዣውንና መድኑን ጋለሪው ስለሚሸከም ነው። ሠዓሊው ሥራውንም ሰጥቶ፣ ኪራዩንም ከፍሎ፣ ከሽያጩም ግማሹን ከለቀቀ፣ ጋለሪው ያዋጣው ምኑን ነው? የጋለሪዎች ጭንቀት የምር መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2018 ባለ ጋለሪው ዴቪድ ዝዊርነር፣ የኮሎኙ የሩዶልፍ ልጅ፣ ትልልቆቹ ጋለሪዎች የትንንሾቹን ወጪ እንዲደጉሙ ሐሳብ ያቀረበው፣ አርት ባዝልም በዚያው ዓመት ትንሽ ቡዝ የሚይዝ ጋለሪ በካሬ ሜትር ያነሰ የሚከፍልበትን ተመን ያስታወቀው ሸክሙ ስለከበደ ነው። እነዚህ ሐሳቦች ግን ሸክሙን ወደ ትልቁ ትከሻ ለማዞር የታሰቡ ናቸው፤ የእርስዎ ጋለሪ ወደ ታች እያዞረው ነው። በእርግጥ አቅም ካጣ ሁለት መካከለኛ መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ የፍሬምና የማጓጓዣ ወጪ ሥራው ሲሸጥ ከጠቅላላው ዋጋ ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት እንዲካፈል መስማማት ነው፤ ካልተሸጠ ዕዳ የለብዎትም። ሁለተኛው፣ የሚያዋጡትን ያህል የጋለሪው ኮሚሽን እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ሁለቱም በጽሑፍ ካልሰፈሩ እንደሌሉ ይቁጠሯቸው።

የሥራ ምርጫን በተመለከተ፣ ከሦስት የተለያዩ ዘመኖችዎ አንድ አንድ ሥራ አውጥቶ መስጠት ቢያጓጓም አያዋጣም፤ አምስት ሠዓሊያን ባሉበት ክፍል ውስጥ ስድስተኛና ሰባተኛ ሰው የመጡ ያህል ይሆናል። በአንድ ወቅት የተሠሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ከሩቅ የሚጠራ ትልቅ ሸራ ቢሆን መልካም ነው። ከሸራው ባላነሰ የሚያሳስበኝ ግን ፎቶግራፉ ነው። ጋለሪዎች ትርኢቱ ከመከፈቱ ቀናት አስቀድመው የሥራዎቹን ምስልና ዋጋ ለሰብሳቢዎች ይልካሉ፤ ብዙ ሽያጭ የሚጠናቀቀው በዚያ ሰነድ ላይ ወይም ለተጋባዦች ብቻ በሚከፈተው የመጀመሪያ ቀን ነው። ቀለሙ የተዛባ፣ ነጸብራቅ ያረፈበት ፎቶ የላከ ሠዓሊ ሩጫው ሳይጀመር ወደ ኋላ ቀርቷል። ፎቶውን በጥሩ ባለሙያ ያስነሡ፤ ልኬቱን፣ ቁሱንና ዓመቱን ሳያሳስቱ ጽፈው በተባለው ቀን ያድርሱ። እንዲሁም የተሸጠ ሥራ በትርኢቱ መካከል ወርዶ በሌላ ሊተካ ስለሚችል፣ የእርስዎ ሥራዎች እስከ መጨረሻው ቀን ይሰቀሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሉ ላይ ሥራዎቹ በአደራ እንደተሰጡና ዋጋቸው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የእርስዎ ንብረት እንደሆኑ ይጻፍ። የኒውዮርክ ሕግ ሠዓሊ ለነጋዴ በአደራ የሰጠውን ሥራና የሽያጩን ገንዘብ የአደራ ንብረት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በየአገሩ ግን እንዲህ ያለ ከለላ ስለማይገኝ መተማመኛዎ ወረቀቱ ነው። ለገዢ የሚደረገው ቅናሽ ስንት ድረስ እንደሆነና ከማን ድርሻ እንደሚነሣ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ፣ መድኑም ሥራው ከስቱዲዮዎ ግድግዳ ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ እስኪመለስ የሚሸፍን መሆኑ ይገለጽ። ሥራዎቹ የሚሻገሩት ኤቲኤ ካርኔ በሚባለው ጊዜያዊ የጉምሩክ ሰነድ ከሆነ፣ ሰነዱ የሚያገለግለው ቢበዛ ለአንድ ዓመት እንደሆነና የተሸጠ ሥራ በመደበኛው የጉምሩክ ሥርዓት ማለፍ እንዳለበት ይወቁ። ሣጥኑ ከጥሬ ጣውላ ከተሠራም ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ የጋለ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ የታከመ ለመሆኑ ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተም በጎደለው ሣጥን ምክንያት ሥዕል ድንበር ላይ ተይዞ ትርኢቱ ሊያመልጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ አርት ፌር ስጎበኝ የአምስት ሠዓሊያን ሥራ ባለበት ቡዝ ውስጥ አንድ ሥዕል ወደድሁ። ዋጋው ግን አልተጻፈበትም፤ ለመጠየቅ አፍሬ ወጣሁ። ከጎኑ ያለው ቀይ ነጥብ ተለጥፎበታል፤ ሌላኛውን «ተይዟል» ሲሉ ሰማሁ። ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ቀይ ነጥብ ተሸጧል ማለት ነው። «ተይዟል» ማለት ደግሞ አንድ ገዢ እስኪወስን ለጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ተቀምጦለታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከወደዱት ሁለተኛ ተራ ጠይቀው ይመዝገቡ፤ የመጀመሪያው ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ ብዙ ነው። የዋጋ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ያልተጻፈው ሠራተኛው ከእርስዎ ጋር መነጋገር ስለሚፈልግ ነው። ይህን ልማድ አልወደውም፤ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው አሳፍሮ ያስወጣልና። የአንድ ሠዓሊ ዋጋ በአብዛኛው ከሥራው መጠን ጋር ስለሚሄድ፣ የሁለት ሥራዎቹን ዋጋ ከጠየቁ ሦስተኛውን መገመት አያቅትዎም። ግብሩ፣ ፍሬሙና ማጓጓዣው ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ፤ ፎቶግራፍ ወይም ኅትመት ከሆነ ስንት ቅጂ እንዳለና የእርስዎ ስንተኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ጋለሪ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ካሬ ሜትር ቡዝ ተፈቅዶልኛል። ስምንት ሠዓሊያን አብረውኝ ይሠራሉ፤ ማንንም ማስቀየም ስለማልፈልግ ሁሉንም ብወስድስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ግድግዳውን ይለኩ። ቡዝዎ 5 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ በ5 ሜትሩ በኩል ወደ መተላለፊያው ከተከፈተ፣ ያለዎ ግድግዳ 13 ሜትር ነው። ለዕቃ ማስቀመጫ ቢያንስ አንድ ሜትር ይሂድ፤ 12 ይቀራል። 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ሸራ በመካከሉ 60 ሴንቲ ሜትር መተንፈሻ ቢሰጠው 2 ሜትር ከ10 ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአምስት ሸራ በላይ ተመችቶት የሚሰቀል አይኖርም። ስምንቱንም ለማስገባት ሥራዎቹን ማሳነስ ወይም መደራረብ ይኖርብዎታል፤ ያኔም የሚቀየሙት ስምንቱም ናቸው። ሦስት ወይም አራት ሠዓሊያን ይምረጡ፤ አምስተኛ የሚጨምሩ ከሆነ ቀራፂ ይሁንና ወለሉን ይስጡት፤ በሥራው ዙሪያ ግን ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ ቦታ ይተዉ። ለቀሩት ደግሞ በየትኛው ትርኢት ወይም ዐውደ ርእይ ተራቸው እንደሚደርስ የተመረጡት ስም ከመታወቁ በፊት በግል ይንገሯቸው።