ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ላፕቶፕ፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ስለመክፈልና አልነሳ ስላለ ማሽን ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ተደጋግመው የመጡት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲ ድራይቭ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሽሪንክ (መቀነስ) ስለው ግን 20 ጊጋ ብቻ ነው የሚለቅልኝ። ለምን?

መልስ፦ መሃል ላይ የተቀመጡ የማይነቃነቁ ፋይሎች ስላሉ ነው፦ የሃይበርኔሽን ፋይል፣ ፔጅ ፋይል፣ ሲስተም ሪስቶር። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፋቸው፣ ሪስታርት አድርግና እንደገና ሞክር። መቀነሱን ሁልጊዜ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ሥራው፤ በሊኑክስ መጫኛ የዊንዶውስን ፓርቲሽን መነካካት አልወድም። የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት ሳታደርግ ባዶውን ተወው፣ ኡቡንቱ (የምንጭነው ሊኑክስ) ራሱ ያገኘዋል። 25 ጊጋ ይበቃል ይባላል፤ እኔ ከ60 በታች አልመክርም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባክአፕ ያዝ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪይ ወረቀት ላይ ገልብጠው። ባትሪውም ሙሉ ይሁን፤ ፓርቲሽን እየተቀነሰ መብራት ሄዶ ማሽኑ ቢጠፋ ዳታህ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ የኡቡንቱን ፓርቲሽን ከዊንዶውስ ሆኜ ደለትኩት። አሁን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» ብሎ ቀጥ ይላል። ፋይሎቼ ጠፉ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የዊንዶውስ ፋይሎችሽ አሉ። ኡቡንቱ ላይ የነበሩት ግን ከፓርቲሽኑ ጋር ሄደዋል። ግራብ ማለት ሲነሳ ሊኑክስን ወይም ዊንዶውስን የሚያስመርጠው ፕሮግራም ነው፤ መነሻ ፋይሉ ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ (የሲስተሞቹ መነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ላይ ቀርቷል፤ ቀሪ አካሉን ሲፈልግ ስለሚያጣው ነው የሚቆመው። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ12 (ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9) ተጫኚና «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ምረጪ። ከገባልሽ ባዮስ ውስጥ እሱን አንደኛ አድርጊው፣ በቃ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ያቺን 100 ሜጋ የምታህል የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ያጠፋታል፤ ያኔ ዊንዶውሱም አይነሳም። ማሽኑ የቆየ፣ በሌጋሲ (ያለ ኢኤፍአይ፣ በድሮው የባዮስ አነሳስ) የሚነሳ ከሆነ ግን በዊንዶውስ ፍላሽ ተነሺና ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ቡትሬክን ከፊክስኤምቢአር ጋር አስኪጂው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ በደንብ ገብቷል፣ የግራብ ሜኑ ላይ ግን ዊንዶውስ የለም።

መልስ፦ ከግራብ 2.06 ወዲህ ሌላ ሲስተም መፈለጉ ከመነሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በኢቲሲ ሥር ዲፎልት ውስጥ ያለውን የግራብ ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈት፤ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር የሚለውን መስመር ፎልስ አድርግ፣ ፊቱ ላይ # ካለም አንሳው። ከዚያ ተርሚናል ላይ ሱዶ አፕዴት-ግራብ ብለህ አስኪድ።

ጥያቄ፦ ከሊኑክስ ወጥቼ ዊንዶውስ ስገባ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የማዘርቦርዱን ባትሪ ልቀይር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባትሪው ምንም አልሆነም፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ ያው 3 ሰዓት ነው። ኡቡንቱ ተርሚናል ላይ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1 ብለው ይጻፉ። ማስጠንቀቂያ ያሳይዎታል፣ ይለፉት።

ጥያቄ፦ ዲ ድራይቭ ከሊኑክስ ይከፈታል፣ መጻፍ ግን አይፈቅድም።

መልስ፦ ፋስት ስታርትአፕ (የዊንዶውስ ፈጣን መነሻ) ሲበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ነው። ዊንዶውስ ላይ አጥፋው፣ ከዚያ ሙሉ ሻትዳውን።