ናሽናል ጋርድን የሚያዘው ማነው?
የአሜሪካን ናሽናል ጋርድ (በየግዛቱ ያለውን የተጠባባቂ ወታደሮች ኃይል) የሚያዘው የግዛቱ ገዥ ነው ወይስ ፕሬዚዳንቱ ብለህ ለጠየቅከው፦ ሁለቱም ናቸው፤ እንደ ጥሪው ይለያያል።

በአዘቦቱ አዛዡ ገዥው ነው። ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ሲነሳ የጋርዱን ወታደሮች ይጠራቸዋል። ለፌዴራል አገልግሎት ሲጠሩ ግን እዙ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይዞራል።

ጥሩ ማሳያው እ.ኤ.አ. 1957 በአርካንሶ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ የሆነው ነው። የግዛቱ ገዥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ጋርዱን አሰለፈ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጋርዱን በፌዴራል እዝ ሥር አደረጉት። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን ሲከለክል የነበረው ጋርድ ጠባቂያቸው ሆነ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከአርሚ ሪዘርቭ (የአሜሪካ ምድር ጦር ተጠባባቂ ኃይል) ጋር እንዳታምታታው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ አምታትቼው ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ። ሪዘርቩ የፌዴራል ብቻ ነው፤ በገዥ ሥር አይደለም።