የቆዩ የመዝሙር ዜማዎችና የቅጂ መብት፦ ጥያቄና መልስ

ከመላሹ፦ የመዝሙር ጥራዞችን ለኅትመት ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝና የምታቀርቡትን ጥያቄ በምችለው ሁሉ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፤ አንድ የመዝሙር ገጽ አንድ ሥራ አይደለም። ዜማው፣ ግጥሙ፣ የግጥሙ ትርጉም፣ ባለ አራት ድምፅ ቅንብሩ፣ የኖታው ኅትመትና ቀረጻው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለመብትና የየራሳቸው ዘመን አላቸው። ስትጠይቁ የዜማውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና የምትጠቀሙበትን አገር ጻፉልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከመዝሙሩ ራስጌ «ባህላዊ ዜማ» ተብሎ ከተጻፈ ገጹን አባዝቼ ለመዘምራን ማደል እችላለሁ?

መልስ፦ ዜማውን አዎ፤ ገጹን ግን ገና አላወቅንም። «ባህላዊ» የሚለው ቃል ስለ ዜማው አመጣጥ ብቻ ይናገራል እንጂ ከዜማው ሥር ስለተደረደሩት ሦስት ድምፆች ምንም አይልም። ኪንግስፎልድ የሚባለውን ዜማ እንውሰድ። ዜማው ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ነው፤ በብዙ የመዝሙር መጻሕፍት የምናገኘው ቅንብር ግን በ1906 የታተመው የራልፍ ቮን ዊልያምስ ሥራ ነው። አቀናባሪው ያረፉት በ1958 ነው። በእንግሊዝ ሕግ ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሆነና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስለሚቆጠር፣ ቅንብሩ እዚያ እስከ 2028 ማብቂያ ባለመብት አለው። በአሜሪካ ደግሞ ከታተመ ከ95 ዓመት በላይ ስላለፈው የሕዝብ ሀብት ነው፤ ማንም ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው። ዜማው ግን በሁለቱም አገር የማንም አይደለም፤ የራስዎን ሃርመኒ፣ ማለትም ከዜማው ጋር የሚስማሙ ሌሎች ድምፆችን፣ ቢጽፉለት ከልካይ የለብዎትም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። በጀማሪነቴ «ባህላዊ» የሚለውን አምኜ አንድ ቅንብር እንዳለ ገልብጬ በጥራዝ አሳተምኩ። ከገጹ ግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ ከሰረዝ የማይበልጥ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረ፤ የአቀናባሪው ስምና ዓመቱ እዚያ ነበር፤ እኔ ግን አላነበብኩትም። ባለመብቱ ሲጠይቀኝ የታተመውን ሁሉ ሰብስቤ ቅንብሩን ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩ። ስለዚህ ግርጌውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ በ1551 በጄኔቫ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ የታተመው ኦልድ ሃንድረድዝ ነፃ ነው?

መልስ፦ ዜማው ነፃ ነው። ቅንብሩን በተመለከተ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ 70 ዓመቱ በዓለም ሁሉ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ዝቅተኛውን ልክ ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ከዚያ በላይ መስጠት ለየአገሩ የተተወ ነው። ስለዚህ አገሩን ጻፉ ያልኩት በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ በጣም የቆየ መዝሙር አለኝ፤ ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙን፣ ዓመቱንና አገሩን ካልነገሩኝ የምመልሰው የለኝም። «በጣም የቆየ» ዓመት አይደለም።

አንድ አባል፦ ለእግዚአብሔር የቀረበ ምስጋና ባለቤት ሊኖረው አይገባም ብዬ አምናለሁ። ሕዝብ ሲዘምረው የኖረውን ዜማ አንድ ሰው ጥቂት ነካክቶ የእኔ ነው ማለቱ ያሳዝናል።

ሌላ አባል፦ እኅቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ አራቱን ድምፅ ያስማማው ሰውስ የድካሙን ዋጋ ማግኘት የለበትም?

መልስ፦ የሁለታችሁንም ሐሳብ ሕጉ በከፊል ይቀበለዋል፤ መለያው የተጨመረው ነገር እውነተኛ ፈጠራ መሆን አለመሆኑ ነው። ከቀደሙ የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙሮች የመጣውን ዊ ሻል ኦቨርካም ተመልከቱ። በ2017 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በታወቀው የመጀመሪያ ስንኝ ላይ መብት ይገባናል የሚሉትን አሳታሚዎች አልተቀበላቸውም። «ዊል» የሚለውን «ሻል»፣ «ዳውን» የሚለውን «ዲፕ» ማድረግ አዲስ ሥራ ለመባል አይበቃም ብሎ ወሰነ፤ በ2018 መዝሙሩ በስምምነት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሙሉ ሃርመኒ መጻፍ ግን አንድ ቃል እንደ መለወጥ አይደለም። ክርክራችሁን በዚህ ብትገቱልኝ እወዳለሁ፤ ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎች አሉ።

ጥያቄ፦ በአምልኮ ጊዜ ለመዘመር ፈቃድ ካላስፈለገን በኢንተርኔት በቀጥታ ብናስተላልፈውስ?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለምሳሌ የአሜሪካ ሕግ በአምልኮ ስፍራ፣ በአምልኮው ሂደት ለሚዘመረው መዝሙር ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያ ነፃነት ግን ለቀጥታ ስርጭትም ሆነ ኖታውን ለማባዛት አይደርስም። መዝሙሩ በሁሉም በኩል የሕዝብ ሀብት ከሆነ ይህ ሁሉ አያሳስባችሁም።

ጥያቄ፦ ዜማው ነፃ ከሆነ የታወቀ መዘምር የቀረጸውን ወስጄ ልጠቀም?

መልስ፦ አይቻልም። ቀረጻ የራሱ መብት አለው።

ጥያቄ፦ «ባህላዊ» ተብሎ ከተጻፈ ነፃ ነው አይደል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከላይ ተጠይቆ በረጅሙ ተመልሷል፤ እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የሕዝብ ዜማ በየትም አገር ነፃ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የጋና የ2005 ሕግ የሕዝቡን ፎክሎር (ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ባህላዊ ሥራ) መብት በሕዝቡ ስም ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ ጥበቃውም የጊዜ ገደብ የለውም።

ጥያቄ፦ የቆየ መዝሙር ትርጉሙም የቆየ ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሃው ግሬት ዛው አርት የስዊድን ሕዝብ ዜማ ሲሆን፣ የስዊድንኛ ግጥሙ ደራሲ ካርል ቦበርግ በ1940 አርፏል፤ ያ ግጥም 70 ዓመቱን ጨርሷል። የእንግሊዝኛውን ቃል የጻፈው ስቱዋርት ሃይን ግን ያረፈው በ1989 ስለሆነ 70 ዓመት በሚቆጠርበት አገር እስከ 2059 ማብቂያ የተጠበቀ ነው። ከስዊድንኛው በቀጥታ ብትተረጉሙ ነፃ ናችሁ፤ ከእንግሊዝኛው ብትተረጉሙ ግን ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ስንት ያስከፍላል?

መልስ፦ ባለመብቱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቅድም «በጣም የቆየ መዝሙር» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። ግርጌውን አነበብኩ። በግራ ጥግ «ግጥም፦ ኤሊነር ፋርጀን፣ 1931»፣ በቀኝ ጥግ «ባህላዊ የጌሊክ ዜማ፣ ቡኔሳን» ይላል። የማሳትመው እንግሊዝ አገር ነው።

መልስ፦ አመሰግናለሁ፤ አሁን መመለስ ይቻላል። ዜማውን ያለ ስጋት ይጠቀሙበት። ግጥሙ ግን ገጣሚዋ ያረፉት በ1965 ስለሆነ እዚያ አገር እስከ 2035 ማብቂያ የተጠበቀ ነው፤ ወይ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ወይ ለዜማው የራስዎን ግጥም ይጻፉ። ኖታው ባለ አራት ድምፅ ከሆነ ከዜማው ስም ቀጥሎ የአቀናባሪ ስም ይኖራል። እሱን አልጻፉልኝምና ገጹን እንደገና ይመልከቱልኝ።