ፊርማው ለምን ተፈረመ?

ጥያቄ፦ የማስተምረው ደሴ ነው። የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተማሪዎቼ ዲጂታል ትራንስፎርሜሽን (አሠራርን በቴክኖሎጂ መለወጥ) ሲባል ሶፍትዌር መግዛት ይመስላቸዋል። እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ ከስላይዱ በፊት አንድ ወረቀት ይከተሉ። ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁና ተማሪዎቹን አራት አራት አድርገው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወዳለ የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይላኳቸው። አንድ ዕቃ በሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ተጠይቆ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ እስኪሆን በየጠረጴዛው የቆየበትን ደቂቃ፣ ማን እንደፈረመና ለምን እንደፈረመ ይመዝግቡ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ትምህርቱ ያለው «ለምን» ላይ ነው። ወረቀቱ ሦስት ፊርማ ቢኖረው ብዙ ተማሪ ሦስቱንም እንዳለ ወደ ስክሪን ያዛውራል፤ ወረፋው ግን ያው ነው። ንብረት ጠባቂውም ኦዲት ሲመጣ እንዳይቸገር ቢን ካርዱን (የዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን ካርድ) አይተውም፤ አንዱ ቁጥር ሁለት ቦታ ይመዘገብና ቆይቶ አይገጥምም። ነጥብ ሲሰጡ የትኛው ፊርማ እንደሚቀርና ኃላፊነቱ ወደ ማን እንደሚዞር ላሳየው ቡድን ያድሉ።